በሥዕሉ ውስጥ ያልተናገሩት፦ የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ዘገባዎች ዳግም ሲታዩ

በመቐለ ዩኒቨርሲቲ ዓይደር ካምፓስ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ



የተከበራችሁ መምህራን፣ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ጥሪያችንን አክብራችሁ ከዓይደርና ከሌሎች ሰፈሮች የመጣችሁ አባቶችና እናቶች፤ ስለ መጣችሁ አመሰግናለሁ። ከሌሎች ክልሎች የመጡ ተማሪዎች በመካከላችን ስለሚገኙ ንግግሬን በአማርኛ አቀርባለሁ፤ ጥያቄ ግን በትግርኛም ይቻላል። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዞች ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የድሮ ቴሌቪዥናቸውን መልሰው እያዩ መሸማቀቅ ይዘዋል። ቢቢሲ ከ1950 እስከ 1970 ዓ.ም. ድረስ ነጭ ዘፋኞች ፊታቸውን ጥቁር ቀለም ተቀብተው የሚዘፍኑበትን ዝግጅት ለመላው ቤተሰብ መዝናኛ ብሎ ያሳይ ነበር። የዘር መድልዎን የሚቃወም አንድ ማኅበር በ1959 ዓ.ም. ዝግጅቱ እንዲቆም አቤቱታ አቀረበ፤ ዝግጅቱ ግን ከዚያ በኋላም ከዐሥር ዓመት በላይ ቀጠለ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ደግሞ «ሊትል ብሪተን» የተባለው አስቂኝ ዝግጅት ከቢቢሲ የኢንተርኔት ማሳያ ወረደ። ከ«ፎልቲ ታወርስ» አንድ ክፍል በሌላ ድርጅት ማሳያ ላይ ለጥቂት ቀናት ተነሥቶ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት ተመለሰ። ይወገድ፣ ይቆይ፣ ማስጠንቀቂያ ይለጠፍበት የሚለው ሙግት እስከ ዛሬ አልበረደም።

ይህ የእነርሱ የጓዳ ጉዳይ ነው ብለን ልናልፈው እንችል ነበር። ነገር ግን በዚያው የቴሌቪዥን ሣጥን ውስጥ እኛም አለን። የእንግሊዝ ቤተሰብ ጥቁር ቀለም በተቀቡት ዘፋኞች መዝናናቱን ባቆመ በስድስተኛው ዓመት፣ በዚያው ጣቢያ፣ በዚያው ሳሎን የኮረምንና የመቐለን ሰዎች አየ። የእኛ ሰዎች የታዩት ለሳቅ አልነበረም፤ በሞት አፋፍ ላይ ሆነው ነው። እነዚያን ፊልሞች እንግሊዞች እንዴት መልሰው እንደሚያዩአቸው ብዙ ተጽፏል። በፊልሞቹ ውስጥ ያሉት ሰዎችና ልጆቻቸው እንዴት እንደሚያዩአቸው ግን እምብዛም የጠየቀ የለም። ዛሬ ማታ መናገር የምፈልገው ስለዚሁ ነው።

ከ1977ቱ በፊት የ1966ቱን ማንሣት ግድ ነው። ከእርሱም በፊት በ1950 ዓ.ም. በዚሁ በትግራይ ረሃብ ነበር። ያን ጊዜ 100,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። የአገሪቱ ቴሌቪዥን እንኳ ገና አልተወለደም፤ በ1957 ዓ.ም. ቶምሰን በተባለው የብሪታንያ ኩባንያ ድጋፍ እስኪቋቋም ድረስ ሰባት ዓመት ቀርቶት ነበር። የዚያ ረሃብ ሥዕል በዓለም ትዝታ ውስጥ የለም። በ1965 ዓ.ም. ወሎ በተራበ ጊዜ ደግሞ በመጀመሪያ ጉዳዩን አደባባይ ያወጡት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ናቸው። ወደ ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው ውስጥ ለእይታ አቀረቡ። ይህን የምጠቅሰው በእንግሊዝኛ በሚነገረው ታሪክ ውስጥ ረሃቡን «ያገኘው» ሁልጊዜ አንድ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ስለሚሆን ነው።

ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ ይባላል። «ያልታወቀው ረሃብ» የሚል ርእስ የተሰጠው ፊልሙ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በአይቲቪ ታየ። ፊልሙ መልካም ሥራ ሠርቷል፤ ብዙ የእንግሊዝ ሰው ገንዘብ አዋጣ፤ የአዲስ አበባ መንግሥትም መካድ አቃተው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ፊልሙ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ በዕለተ እንቁጣጣሽ፣ ደርግ ይህንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። እንዳለ ግን አላሳየውም። የወሎ ረሃብተኞች ከሚታዩባቸው ሥዕሎች መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና ሥጋ የሚጎርሱ ውሾች እንዲገቡ ተደረገ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

እስቲ ይህን ልብ በሉልኝ። ሥዕሉ አንድ ነው፤ የወሎው ገበሬ ያው ነው፤ የሞተችው ሴት ያችው ናት። በለንደን ሲታይ «እርዱ» ይላል፤ በአዲስ አበባ ሲታይ «አውርዱት» ይላል። ገበሬው ራሱ ግን በሁለቱም ቅጂዎች ምንም አይልም። ለአንዱ የምጽዋት፣ ለሌላው የአብዮት ማስረጃ ሆነ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ያው ደርግ በተራው ረሃብ ሲደብቅ እናገኘዋለን።

በመስከረም 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት ታከብር ነበር። ከበዓሉ ወራት ቀድሞ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን፣ በሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት፣ ለለጋሽ አገሮች ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነበር፤ የሰማው ግን ጥቂት ነው። በእንግሊዝም በሐምሌ 1976 ዓ.ም. በኮረም የተቀረጸ አንድ ዘጋቢ ፊልም በአይቲቪ ታይቷል። የጋዜጠኞች ጉዞ የተፈቀደው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የማይክል በርክ ዘገባ ከኮረም፣ በማግስቱም ከመቐለ በቢቢሲ ተላለፈ። የመጀመሪያው ሰባት ደቂቃ ያህል ይረዝማል። ከ400 በሚበልጡ ጣቢያዎች ተላልፏል።

ካሜራውን የያዘው ሰው እንግሊዛዊ አይደለም። ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነው። በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አንድ እጁን አጣ፤ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ደግሞ ተጠልፎ ኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። ዓለም ያለቀሰበትን ሥዕል ያነሣው እርሱ ነው፤ ዓለም የሚያስታውሰው ግን ድምፁን የሰጠውን ነው። ይህ በራሱ ለዛሬው ጉዳያችን መግቢያ ይሆናል።

የበርክ ዘገባ በጽሑፍነቱ ድንቅ ነው፤ ይህን ልካድ አልችልም። ንጋትን፣ ብርድን፣ ሜዳውን የሞላውን ሕዝብ በጥቂት ቃል ያስቀምጠዋል። ለረሃቡም «መጽሐፍ ቅዱሳዊ» የሚል ቅጽል ሰጠው። ይህች አንዲት ቃል ብዙ ሥራ ሠርታለች። መጽሐፍ ቅዱሳዊ የሆነ ነገር ዘመን የለውም፤ ከሰማይ ይወርዳል እንጂ ሰው አያመጣውም። በዚያን ጊዜ ግን እዚህ ጦርነት ነበር። መቐለ በሠራዊት የምትጠበቅ ከተማ ነበረች። ሸማቾቹና ነጋዴዎቹ የሚገናኙባቸው ገበያዎች በአውሮፕላን ይደበደቡ ነበር፤ እህል ከትርፍ አምራች አካባቢ ወደ ጎደለበት እንዳይሄድ መንገዱ ታጥሯል። አሌክስ ደ ቫል ባሳተመው ጥናት ቢያንስ 400,000 ሰው መሞቱን ገምቶ፣ ለዚህ ሁሉ እልቂት ከዝናቡ እጥረት ይልቅ የጦርነቱን ስልት ተጠያቂ አድርጓል። በዘገባዎቹ ውስጥ ግን ፊት ለፊት የቆመው ድርቁ ነው። ተመልካቹ እናቲቱ ለምን ከቀዬዋ እንደወጣች፣ ማን እንዳባረራት፣ ለመመለስ የምትፈራው ማንን እንደሆነ ሳያውቅ ገንዘብ ሰጠ። በዚያው ዓመትና በሚቀጥለው በግድ ወደ ሠፈራ የተጫኑትንም ሰዎች በዚያው ዓይን አያቸው።

አሁን ወደ ድምፁ ልምጣ። ከተማሪዎቼ ጋር ይህን ዘገባ ሁለት ጊዜ ማየት ልማዴ ነው፤ አንድ ጊዜ ድምፁን አጥፍተን፣ ሌላ ጊዜ ዓይናችንን ጨፍነን። ድምፁ ሲጠፋ ተማሪዎቹ የሚያዩት እንግሊዛዊው ተመልካች ካየው የተለየ ነው። ነጠላው እንዴት እንደተጣለ፣ አስከሬኑ እንዴት እንደተገነዘ ያያሉ። ምንም በሌለበት ሰው ሙታኑን በሥርዓት ለመቅበር ሲደክም ያያሉ። ዓይን ሲጨፈን ደግሞ ከተራኪው ድምፅ ሥር ሌላ ድምፅ ይሰማል፤ የሚያለቅሱ ሰዎች። ለንደን ላለ ሰው ይህ ልቅሶ ድምፅ ብቻ ነው፣ ልብ የሚሰብር የጀርባ ድምፅ። እዚህ ያደገ ሰው ግን ልቅሶ ቃል እንዳለው ያውቃል። አልቃሽ የሟቹን ስም ትጠራለች፤ የማን ልጅ እንደነበረ፣ ለማን አባት እንደነበረ ትናገራለች። እንግዲህ በዚያ ፊልም ላይ የሙታኑ ስም ተጠርቶ ሊሆን ይችላል፤ ከእንግሊዝኛው ሥር ተቀብሮ። አንዲት ተማሪዬ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ቀረብ ብላ «መምህር፣ እነዚህን ሰዎች ስማቸውን የጠየቃቸው አለ?» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ እስካሁን አልሰማሁም።

በዘገባዎቹ ውስጥ በአገራቸው ቋንቋ ተናግረው የተተረጐመላቸው ሰዎች ስንት ናቸው ብሎ መቁጠር ይቻላል፤ ረጅም ሥራ አይደለም። በዋናነት የሚያስረዱት ከውጭ የመጡ የሕክምና ሰዎች ናቸው። በመቐለው ዘገባ የምትታየው ክሌር በርትሺንገር የምትባል የቀይ መስቀል ነርስ ናት። ለሁሉም የሚበቃ ምግብ ስላልነበረ የትኛው ሕፃን እንደሚገባና የትኛው እንደሚቀር መምረጥ በእርሷ ላይ ወደቀ። የሕክምና ተማሪዎች «ትሪያጅ» የምትሉት ነው። ይህ ሸክም ለብዙ ዓመታት እንደተጫናት በኋላ በጻፈችው መጽሐፍ ገልጻለች፤ እኔም ለእርሷ ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። ነገር ግን በዚያ ረድፍ ፊት ለፊት ለቆሙት እናቶች «የአንቺ ልጅ አልተመረጠም» የሚለውን በትግርኛ የተናገረ ሰው ነበረ። ማታ ወደ ቤቱ የሚመለሰው እዚችው ከተማ ውስጥ ነው። እነዚያ አስተርጓሚዎች፣ ረዳት ነርሶች፣ ገንፎ አማሳዮች፣ መቃብር ቆፋሪዎች በየትኛውም የእንግሊዝ ፊልም ውስጥ ዋና ሰው ሆነው አልታዩም። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ቢኖሩ አልገረምም።

ስም ያገኘች አንዲት ልጅ አለች፤ ብርሃን ወልዱ። እርሷን የቀረጸው የካናዳው ሲቢሲ ቡድን ነው እንጂ እንግሊዞች አይደሉም፤ በእንግሊዝ የታወቀችው ግን ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በዌምብሌይ በተካሄደው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ ሥዕሏ ከታየ በኋላ ነው። ትሞታለች ተብላ ነበር፤ ተረፈች፤ ግብርና ተማረች፤ ሰኔ 25 ቀን 1997 ዓ.ም. በለንደን ሃይድ ፓርክ በሌላ ኮንሰርት መድረክ ላይ ቆመች። ታሪኳ ያስደስታል። ነገር ግን አንዷ ስም ስታገኝ የቀሩት ይበልጥ ስም የለሽ ሆኑ፤ የሁሉም ዕጣ በእርሷ በኩል በደስታ የተደመደመ መሰለ።

ስለ መዝሙሩም ሰምታችኋል። በኅዳር 1977 ዓ.ም. በአንድ እሑድ ለንደን ውስጥ የተቀረጸው ዘፈን ርእሱ እነዚህ ሰዎች ገና መሆኑን ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል። ታኅሣሥ 29ን ከጥንት ጀምሮ ሲያከብር ለኖረ ሕዝብ ይህን መጠየቅ ምን እንደሚመስል ለእናንተ ማብራራት አያሻኝም። አያቶቻችን ቢሰሙት ይስቁ ነበር ብዬ አስባለሁ።

በእንግሊዝ የመጣው የአመለካከት ለውጥ እውነተኛ ነው። በ1981 ዓ.ም. የአውሮፓ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ስለ ሥዕልና መልእክት የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። ከዚህ ረሃብ የተወለደው ኮሚክ ሪሊፍ የተባለው ድርጅት በቀይ አፍንጫ እያሳቀ ለዓመታት ዝነኞችን ወደ አፍሪካ ይልክ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የፓርላማ አባሉ ዴቪድ ላሚ አንዲት የቴሌቪዥን አቅራቢ ኡጋንዳዊ ሕፃን አቅፋ መታየቷን ነቀፈ፤ ትልቅ ውዝግብ ተነሣ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ድርጅቱ ከእንግዲህ ዝነኞችን እንደማይልክና ፊልሞቹን አፍሪካውያን እንዲሠሯቸው እንደሚያደርግ አስታወቀ። የዘፈኑ 40ኛ ዓመት በ2017 ዓ.ም. ሲከበር ደግሞ ኤድ ሺራን ከዐሥር ዓመት በፊት የቀዳው ድምፁ እንደገና መግባቱን ቢጠየቅ ኖሮ እንደማይፈቅድ ተናገረ።

መልካም ነው። ነገር ግን ይህን ሙግት በጥንቃቄ ብታነቡት በአብዛኛው ስለ ራሳቸው ነው። ማን ይቁም ካሜራው ፊት? ነጭ ይሁን ጥቁር? ሕፃኑን ይቀፍ አይቀፍ? ስለ አቅራቢው ነው። በሥዕሉ ውስጥ ያለው ሰው በ1977 እንደነበረው ሁሉ በዚህ ሙግትም ዝም ብሏል፤ ያኔ የሚታዘንለት ነበር፣ አሁን ክብሩ የሚጠበቅለት ሆነ፤ ሁለቱንም የወሰኑለት ሌሎች ናቸው።

ከሥራ ባልደረቦቼ አንዳንዶቹ ከዚህ ተነሥተው እነዚህ ፊልሞች ጨርሶ መታየት የለባቸውም ይላሉ። ረሃብና ኢትዮጵያ በዓለም አፍ አንድ ቃል የሆኑት በእነርሱ ነው፤ ስደት ላይ ያለ ልጃችን በትምህርት ቤት የሚሰደበው በእነርሱ ነው። ይህን ሐዘን እረዳለሁ። በሐሳቡ ግን አልስማማም፤ ምክንያቴም ሩቅ አይደለም። ያ ድርጅት ዝነኞችን መላክ አቆምኩ ባለበት በዚያው በጥቅምት 2013 ዓ.ም. እዚህ ጦርነት ተነሣ። ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ጋዜጠኛ እንደልቡ መግባት አልቻለም። ከዚህ አዳራሽ በእግር በሚደረስበት ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒት ሲያልቅ፣ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት ሲሞሉ፣ የሚቀርጽ መሐመድ አሚን አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. ለዓለም የጮኹት የሆስፒታሉ ሐኪሞች ራሳቸው ናቸው፤ በመግለጫ፣ በዝርዝር፣ በቁጥር። የጻፉት ከየትኛውም ፊልም ይበልጥ ትክክለኛ ነበር፤ ምክንያቱን ይናገራል፤ የጎደለውን መድኃኒት በስሙ ይጠራል። ያንቀሳቀሰው ሰው ግን ከ1977ቱ ሰባት ደቂቃ ጋር የሚነጻጸር አልነበረም። ስለዚህ ካሜራ ይራቅልን የሚለውን ለመናገር አፌ አይደፍርም።

ለተማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር፤ ጉዳዩ ዛሬ የእንግሊዞች ብቻ አይደለምና። ስልካችሁን ብትከፍቱ በቲክቶክና በፌስቡክ የታመመ ሕፃን ፊት፣ ያበጠ ሆድ፣ የምታለቅስ እናት፣ ከሥሩም የባንክ ሒሳብ ቁጥር ታገኛላችሁ። ቀራጩ ሐበሻ ነው፤ ተራኪው ሐበሻ ነው፤ የሚያለቅሰውን ሰው እያቋረጠ የሚናገረውም እርሱ ነው። ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ታክሞ ድኗል፤ አላቃልለውም። ነገር ግን አልጋ ላይ ያለ ሰው «ልቅረጽህ?» ሲባል እንቢ ካለ ሕክምናው የሚቀርበት ይመስለዋል። እሺታው እሺታ አይደለም። ጥያቄውን የሚያክመው ሰው ባያቀርብለት፣ በገዛ ቋንቋው ቢቀርብለት፣ ከዳነ በኋላም እንደገና ቢጠየቅ፣ ስሙን መስጠትም መከልከልም እንደሚችል ቢነገረው ከባድ ነገር አይደለም። እናት ምን ትላለች? እርሷ ራሷ ሦስት ደቂቃ ትናገር፤ ማን ምን እንደነፈጋትም ትናገር። ያኔ ምናልባት «መጽሐፍ ቅዱሳዊ» የሚያሰኝ ነገር አይኖርም።

የቀረኝ የፊልሞቹ ነገር ነው። አሚን ይሠራለት የነበረው የቪዝኒውስ ክምችት ዛሬ በሮይተርስ እጅ ነው፤ የቢቢሲው በቢቢሲ። ለመጠቀም የሚፈልግ ፈቃድ ይገዛል። የመቐለ ሰው የአባቱን የመጨረሻ ሥዕል ለማየት የሚገዛው ፈቃድ አለ ማለት ነው። በ1977 ዓ.ም. የአምስት ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ጐልማሳ ነው፤ ያኔ የጐለመሱት ግን በየዓመቱ እየተለዩን ነው። ከእነርሱ ጋር ቁጭ ብሎ፣ ፊልሙን እያቆሙ፣ ይህ ማን ነው፣ ይህ ቦታ የት ነው፣ ይህች ሴት ምን እያለች ነው ብሎ መጻፍ ገና አልተሠራም። ሙሉ ቅጂውን፣ ሳይቆረጥ የተረፈውን ጭምር፣ ለዩኒቨርሲቲያችን እንዲሰጡን ልንጠይቅ ይገባል። ማስጠንቀቂያ የተለጠፈበትን ሳይሆን፣ የእኛ ሰዎች ድምፅ ከተራኪው ድምፅ ተለይቶ የሚሰማበትን፣ ካለ።

ከጥያቄው በፊት የመቐለውን ዘገባ ከፊሉን እናሳያለን። ማየት የማትፈልጉ፣ በተለይ እናቶቻችን፣ በግራ በኩል ያለው በር ክፍት ነው፤ ውጭ ቡና ተፈልቷል። በዚያን ጊዜ በመጠለያዎቹ የነበራችሁ ወይም ቤተሰቦቻችሁ የነበሩ፣ ለመናገር ፈቃደኛ ከሆናችሁ፣ በሩ አጠገብ የተቀመጠው መዝገብ ላይ ስልካችሁን ጻፉልን። ማስታወሻ የሚይዙት ተማሪዎች ትግርኛ ተናጋሪዎች ናቸው።